ለጅማ ሰብሳቢ የሚስማማው የትኛው ነው? የባህላዊ የኪስ ቢላዎች ንጽጽር

«ሰንጢ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። አንድ ሰው ሰንጢ በኪሱ ይይዛል ሲባል አብዛኛው ሰሚ የሚያስበው ጠብ ፈላጊን ነው እንጂ፣ ብርቱካን ልጦ ለጎረቤቱ የሚያካፍለውን ወይም የቡና ጆንያ ስፌት የሚተረትረውን ሰው አይደለም። ሆኖም ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ ትንሽ ቢላ በብዙ አገሮች የገበሬ፣ የእረኛ፣ የአናጺና የወታደር የዕለት መሣሪያ ሆኖ የኖረ የእጅ ጥበብ ውጤት በመሆኑ፣ እንደ ቴምብርና እንደ ጥንት ሳንቲም የሚሰበስቡትና ለወዳጆቻቸው የሚያሳዩት ሰዎች አሉ። በጅማም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አስፈልተን ቢላዎቻችንን በጨርቅ ላይ የምንዘረጋ ጥቂት ሰዎች ነን።

አዲስ ሰው በተቀላቀለ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የመጀመሪያዬ የትኛው ይሁን?» የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ መላሹ የሚወደውን ፋብሪካ ስም መጥራት ሆኖ ይቀራል። እዚህ የማነጻጽረው ፋብሪካን ከፋብሪካ ሳይሆን አሠራርን ከአሠራር ነው፤ ቢላው ተከፍቶ በምን ይጸናል፣ ከምን ተሠራ፣ በእኛ አየርስ እንዴት ይከርማል የሚሉትን ማለቴ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ እርጥበት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧ የሚበረታ ከተማ ናት፤ በክረምት በቁም ሳጥን የተሰቀለ ልብስ ሻጋታ በሚያወጣበት ቤት ውስጥ ብረት መዛጉ፣ እንጨትም ማበጡ አይቀርም። ደረቅ አየር ባለበት አገር ሰብሳቢዎች የሚሰጡት ምክር እዚህ ሲደርስ ግማሹ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቢላው ለሌላ ሰው እጅ መሰጠት መቻሉ ነው። የምንሰበስበው ልናሳይ ነው፤ ስለዚህ ሰንጢ ከፍቶ የማያውቅ እንግዳ፣ ወይም ጣቶቻቸው የደከሙ አባት ሲቀበሉት በሰላም ከፍተው በሰላም ሊዘጉት ይገባል። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ ከቀሩት ሁሉ ይቀድማሉ።

ሦስተኛው መለኪያ ጥገናው እዚሁ በብረት ቀጥቃጭ ወይም በአናጺ እጅ መሠራት መቻሉ ሲሆን፣ አራተኛው ቢላው የተባለው ዕቃና የተባለው ዘመን መሆኑ ከራሱ ከቢላው ላይ መረጋገጡ ነው። ዋጋን በመጨረሻ አስቀምጫለሁ፤ በብር የተጻፈ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ቶሎ ስለሚያረጅ በሠንጠረዡ ላይ ደረጃውን ብቻ ታገኛላችሁ።

የጀርባ ሞላ ያላቸው

ሰብሳቢዎች «ባህላዊ» ሲሉ አስቀድሞ የሚታሰባቸው ይህ ዓይነት ነው። በእጀታው ጀርባ በኩል የተዘረጋ ሞላ የስለቱን ሥር ተጭኖ ይይዘዋል፤ የሚቆልፈው ነገር ግን የለም። ስለዚህ በጠርዙ ተጭኖ መቁረጥ ሲቻል፣ በጫፉ ወግቶ መግፋት ስለቱን በጣት ላይ ሊያጥፈው ይችላል። የእንግሊዙ ሸፊልድ፣ የጀርመኑ ዞሊንገንና በፈረንሳይ ያለው ቲየር በዚህ ሥራ የታወቁ ከተሞች ሲሆኑ፣ አሜሪካውያን ደግሞ ሁለትና ሦስት ስለት ያላቸውን፣ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ስም ያለውን ዓይነት አበራክተዋል።

የዚህ ዓይነት ትልቁ ሀብት በስለቱ ሥር የተቀረጸው ማኅተም ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚሠራው ኬዝ የተባለው ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ በማኅተሙ ሥር ዐሥር ነጥቦች አስቀምጦ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይቀንስ ነበር፤ ስለዚህ አምስት ነጥብ ያለው የ1975፣ አንድ ብቻ የቀረው የ1979 ሥራ ነው። በ1980 እንደገና በዐሥር ነጥብ ሲጀምር የፊደሉን ቅርጽ ስለለወጠ ሁለቱ ዐሥርት ዓመታት አይምታቱም። የቅርጽ ቁጥሩም ይነበባል፤ 6254 ሲል 6 የአጥንት እጀታን፣ 2 የስለቶቹን ብዛት፣ 54 ደግሞ ቅርጹን ይነግራል። ለቡና ጨዋታ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ቢላው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማጉያ መነጽር አብሮ ይዞራል፣ የነጥብ ቆጠራውም ክርክር ያስነሣል።

አሮጌ ቢላ ስትገዙ በመጀመሪያ ስለቱን ከፍታችሁ በሁለት ጣት ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፤ የሚወላወል ከሆነ ሚስማሩ ተበልቷል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡትና በሞላውና በጎኖቹ መካከል ክፍተት መኖሩን እዩ። በመጨረሻ የጥፍር መክፈቻው (ስለቱን ለመክፈት ጥፍር የሚገባበት ጭረት) ከስለቱ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከቱ፤ ብዙ የተሳለ ቢላ ስፋቱን ስለሚያጣ ጠርዙ ወደ መክፈቻው ይጠጋል፣ የሰብሳቢ ዋጋውም በዚያው መጠን ይወርዳል። አንዳንዶቹ ሲከፈቱ በግማሽ መንገድ ላይ ቆም ይላሉ፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ አካል ነው፣ ጣትንም ይጠብቃል።

ላጊዮል ተብሎ ስለሚጠራው የፈረንሳይ ቢላ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በሞላው ራስ ላይ ንብ የመሰለች ቅርጽ ያለችበት ይህ ውብ ቢላ ስያሜው የአንድ ሠሪ ንብረት ሆኖ ስላልተጠበቀ፣ ላጊዮል በምትባለው መንደርና በቲየር በእጅ የሚገጣጠመውም፣ በእስያ በጅምላ የሚመረተውም አንድ ስም ይዘው ይሸጣሉ። እኔ ራሴ ከአንድ ነጋዴ «የፈረንሳይ ነው» ተብዬ የገዛሁት በሁለተኛው ሳምንት ሞላው ረገበ፤ ንቧም ተለይታ የተበየደች ሆና ተገኘች። በተለየ የተበየደች ንብ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፣ በጥሩ ሥራም ትኖራለችና፤ ብየዳው መንሻፈፉ ግን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። ከዚህ ሌላ ላጊዮልን በእጅ ይዞ በቀስታ መዝጋት ይገባል፤ በኃይል ከተለቀቀ ጠርዙ ከሞላው ጋር ተጋጭቶ ሊሸረፍ ይችላል።

በእርጥበት በኩል ይህ ዓይነት መካከለኛ ነው። ክፉው ነገር ዝገቱ በማይታይበት፣ በሞላው ሥር መጀመሩ ነው።

ቀለበት ያለው የእንጨት ሰንጢ

የዚህ ዓይነት ምሳሌ ጆዜፍ ኦፒኔል በ1890 በፈረንሳይ ሳቮዋ የጀመረው ቢላ ነው። አንድ ስለት፣ አንድ ክብ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ሚስማርና ከ1955 ጀምሮ ደግሞ የሚሽከረከር የብረት ቀለበት፤ በቃ። ቀለበቱ ሲዞር ስለቱን ተከፍቶ እንዲጸና ያደርገዋል፤ ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ተዘግተውም ይቆለፋሉ። መጠኖቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ዛሬ ከ2 እስከ 13 ይደርሳሉ፣ 11 ግን ቀርቷል። ለእጅ የሚመቸው ቁጥር 8 ሲሆን ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለእንግዳ እጅ ለመስጠት ከተቆላፊዎቹ ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ቀለበቱ ወዴት እንደሚዞር አንድ ጊዜ ካሳያችሁ ሕፃን ያልሆነ ሁሉ ይገባዋል። ችግሩ እንጨቱ ነው። የመጀመሪያዬን በሰኔ ገዝቼ በሐምሌ ልከፍተው ብሞክር እጀታው አብጦ ስለቱን ነክሶ ያዘው፤ ጥፍሬን እስክሰብር ታገልኩ። የሳቮዋ ሰዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ቀለበቱን ከፍተው የእጀታውን ጭራ በጠንካራ ነገር ላይ ጠቅ ያደርጉታል፣ ስለቱም ራሱን ብቅ ያደርጋል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ስለቱ የሚገባበትን ስንጥቅ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ማስፋትና እጀታውን የተልባ ዘይት ማጠጣት ነው። ዘይቱን ያጠጣችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ስለቱ በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል። የካርቦኑ በቀላሉ ይሳላል፣ ቶሎ ይዝጋል፤ የማይዝገው ለመሳል ጥቂት ይዘገያል። በጅማ ለዕለት አገልግሎት የማይዝገውን፣ ለስብስብ የካርቦኑን እላለሁ፤ ምክንያቱን ቡናው ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የስዊስ የወታደር ቢላ

ካርል ኤልዘነር በ1884 በስዊዘርላንድ ኢባኽ የከፈተው የቢላ መሥሪያ ወርክሾፕ በ1891 የመጀመሪያዎቹን ቢላዎች ለስዊስ ጦር አስረከበ፤ ቀይ እጀታ ያለው የታወቀው ቢላ አባት የሆነው የመኮንኖች ቢላ ደግሞ በ1897 ተመዘገበ። ፋብሪካው ዛሬ የሚጠራበት ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ቪክቶሪያ ከተባሉት የኤልዘነር እናት ስምና የማይዝግ ብረትን ከሚያመለክተው «ኢኖክስ» የተገጠመ ነው።

አሠራሩ የጀርባ ሞላ ሆኖ ብረቱ የማይዝግ በመሆኑ የጅማን ክረምት ያለ ጭንቀት ይሻገራል። ለሰብሳቢው ግን ብዛቱ ፈተና ነው፤ ዓይነቱ ማለቂያ ስለሌለው ወሰን ያላበጀ ሰው ቆርቆሮ ሲያጠራቅም ይከርማል። የእኔ ምክር ከ1961 እስከ 2008 ለጦሩ ይሰጥ በነበረው የአሉሚኒየም እጀታ ያለው የወታደር ቢላ መወሰን ነው። የተሠራበት ዓመት በስለቱ ሥር ስለተመታ ማረጋገጫው አያከራክርም፤ በልደት ዓመታቸው የተሠራውን የሚፈልጉ ወዳጆችም ስላሉ ለመለዋወጥ ይመቻል። ተመሳሳይ ቀይ እጀታ ያላቸው ርካሽ ቅጂዎች በየሱቁ አሉ፤ የስለቱን ሥር ማንበብ ከመታለል ያድናል።

ቀላሎቹ፦ ሂጎኖካሚ፣ ዱክ ዱክ እና ኦካፒ

የጃፓኑ ሂጎኖካሚ የታጠፈ ቆርቆሮ ወይም ናስ እጀታና ከስለቱ ጀርባ የወጣች አንዲት ምላስ ብቻ አለው፤ ሞላም መቆለፊያም የለውም፣ ተከፍቶ የሚቆየው አውራ ጣት ምላሷን ተጭኖ ሲይዛት ነው። የተሠራው በሚኪ ከተማ ነው። ላልለመደ ሰው እጅ አልሰጠውም። በ1929 በቲየር የተጀመረው ዱክ ዱክም እጀታው የታጠፈ የብረት ሉሕ ነው፤ ጠንካራ ሞላ ስላለው በእጅ ላይ ይታመናል፣ የካርቦን ስለቱ ግን ዘይት ይወዳል። ሁለቱም ቀጭን ስለሆኑ በሳጥን ውስጥ ቦታ አይወስዱም።

ኦካፒ በ1902 በጀርመን ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ገበያ ተብሎ የተጀመረ፣ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የሚመረት ቢላ ነው። በጀርባው ያለው ቀለበት ካልተሳበ አይዘጋም፤ በእንጨት እጀታው ላይ የጨረቃና የኮከብ ቅርጾች አሉት። ሲከፈት የሚያሰማው ተደጋጋሚ ቅጭልጭታ ለሰብሳቢ ደስ ቢልም፣ ቡና ቤት ውስጥ የተሰማ እንደሆነ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። በአህጉራችን ታሪክ ውስጥ ቦታ ስላለው ከስብስብ ባይጎድል እወዳለሁ፤ ከቤት ይዞ መውጣቱን ግን አልመክርም።

እዚሁ የሚያሠሩት

ከሁሉ የተለየው ምርጫ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ማሠራት ነው። የመኪና ባሌስትራ ለስለት የሚበቃ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ቀጥቃጮች ማጭድም ካራም ያወጡበታል። የእጀታው ነገር ደግሞ በጅማ አያሳስብም፤ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ እጅ ባለበት ከተማ ለአንዲት ትንሽ እጀታ ጠራቢ አይታጣም። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፤ ወይራ ግን ክብደቱና ጥንካሬው ለእጀታ ይበልጣል፣ ቀንድም ውብ ነው፣ ነገር ግን በክረምትና በበጋ መካከል ይንሻፈፋል።

የሚታጠፍ ቢላ ማሠራት ከቀጥታው ካራ እጅግ ይከብዳል። ሞላ መሥራት የለመደ ካልሆነ በቀር ቀጥቃጩን በሞላ አታስቸግሩት፤ እንደ ሂጎኖካሚ ምላስ ያለው፣ በአንድ ሚስማር የሚዞር ቀላል ሰንጢ ጠይቁ፤ ናሙና ወስዳችሁ ብታሳዩ ደግሞ የተሻለ ነው። ሲረከቡ የውኃ አሰጣጡን በሞረድ መፈተን ይቻላል፤ ሞረዱ በጠርዙ ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ ከነከሰው ለስልሷል። ለባለሙያው ዋጋ ስትቆርጡ ጊዜውን አስቡለት፤ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር አነጻጽሮ መከራከር ነውር ነው ባይ ነኝ። ሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ ምልክቱንና ዓመተ ምሕረቱን በስለቱ ሥር እንዲመታበት ለምኑት፤ አለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን እንደሠራው የሚያውቅ አይገኝም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ዓይነት | በእርጥበት | ለእንግዳ እጅ | ጥገና በጅማ | ዘመኑን ማረጋገጥ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የጀርባ ሞላ (ኬዝ፣ ሸፊልድ፣ ላጊዮል) | መካከለኛ | በጥንቃቄ፣ አይቆለፍም | ከባድ | በማኅተሙ፣ በጣም ጥሩ፤ ላጊዮል ግን አጠራጣሪ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| የእንጨት እጀታና ቀለበት (ኦፒኔል) | እንጨቱ ያብጣል | በጣም ጥሩ | ቀላል | በግምት | ዝቅተኛ |
| የስዊስ የወታደር ቢላ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ከባድ | በተመታው ዓመት፣ በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ሂጎኖካሚና ዱክ ዱክ | የካርቦኑ ይዝጋል | ሂጎኖካሚ አይመከርም | ቀላል | መካከለኛ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ኦካፒ | ይዝጋል | በጥንቃቄ | መካከለኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| በጅማ የተሠራ | ይዝጋል | እንደ ሥራው | በጣም ቀላል | ሠሪው ከፈረመበት | እንደ ስምምነቱ |

ለማን የትኛው?

አነስተኛ ገንዘብ ይዞ ለሚጀምርና አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የማይዝገው ቁጥር 8 ኦፒኔል ይበቃዋል፤ ቢበላሽም አናጺ ያስተካክለዋል። ቢላውን በየቀኑ ለፍራፍሬ፣ ለገመድና ለማሸጊያ የሚጠቀም፣ ለመወልወል ግን ጊዜ የሌለው ሰው የስዊሱን ይምረጥ። ታሪክ ማንበብና መከራከር ለሚወድ፣ ጥቂት ነገር በውድ ገዝቶ ለረጅም ጊዜ ለሚይዝ ሰው ግን የጀርባ ሞላው ይሻለዋል፤ እሱም ቢሆን ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዐሥርት ዓመት ባይወጣ ስብስቡ መልክ ይኖረዋል። ስጦታ ለሚፈልግ፣ በተለይ ከጅማ ርቆ ላለ ዘመድ፣ በወይራ እጀታ የተሠራው የቀጥቃጭ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ቢላ የተሰጠው ሰው «ወዳጅነታችን እንዳይቆረጥ» ብሎ አንዲት ሳንቲም ለሰጪው ይመልሳል፤ እኛም ይህንኑ ወስደን ሳንቲሟን ለቡናው እናውላታለን።

እኔን ምረጥ ብትሉኝ ሁለት ብቻ እይዛለሁ፤ አንድ የካርቦን ኦፒኔልና አንድ የቀጥቃጭ ሥራ። የቀሩትን ከወዳጆቼ ተውሼ አያለሁ።

አያያዝ፣ ቡናው እና መንገዱ

የካርቦን ስለት በፍሬ አሲድና በአገልግሎት ብዛት ግራጫ ጠይም ሽፋን ያወጣል፤ ይህ ሽፋን ቀይ ዝገትን በመጠኑ ይከላከላል። ሽፋኑን አስቀድሞ ለማምጣት በሌላ አገር ኮምጣጤ ሲጠቀሙ፣ እኛ ቤት ቡና አለ፤ ስለቱን በሳሙና አጥባችሁ፣ ዘይቱን በሚገባ አስለቅቃችሁ በወፍራም ቡና ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ብትነክሩት ብረቱ ይጠይማል። እጀታውን አታስነኩት። ይህንን ግን በአሮጌ የስብስብ ቢላ ላይ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ዘመን ያመጣውን ሽፋን መፋቅም ሆነ አዲስ መቀባት ዋጋ ይቀንሳል።

ከተወለወለ በኋላ ከፋርማሲ በሚገዛ ፓራፊን ዘይት በስሱ ይቀባ፤ የምግብ ዘይት እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። በቆዳ ሰገባ ውስጥ ትቶ መክረም የብዙዎቻችን ስሕተት ነበር፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ስለቱን ያዝገዋል፣ ስለዚህ ቆዳውም ቢላውም ለየብቻ ይቀመጡ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሏት። በአሮጌ ሴሉሎይድ (የቀድሞ ዘመን ፕላስቲክ) የተሠራ እጀታ ያለው ቢላ ካጋጠማችሁ ከሌሎቹ ለዩት፤ ቁሱ ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ በአጠገቡ ያሉትን ብረቶች ሁሉ ያዝጋል።

ለማሳየት ስትወጡ ቢላዎቹን ኪስ ውስጥ አትያዙ። በአውቶቡስ መናኸሪያም ሆነ በመንገድ ኬላ ፍተሻ አለ፤ ከኪስ የወጣ ሰንጢን «ስብስብ ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። በጨርቅ ጥቅል ውስጥ አስራችሁ፣ ሳጥን ውስጥ ከታችሁ በዕቃ መጫኛው በኩል ላኩት፤ በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ከተጠየቃችሁ ሳጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አስቀድማችሁ ተናግራችሁ ፈታሹ እንዲከፍተው ተዉት።